የቄስ ታሪኩ ዣንጥላ

ዣንጥላዋን አያቴ ለእኔ ነበር የሰጡኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም በቤታችን የኔ የተባለ ነገር ሁሉ ወይ የታላቅ ወንድሜ የደመቀ ይሆናል፣ ወይ ይጠፋል። ስሜን እንኳ ትምህርት ቤት በገባሁበት ቀን አንዲት አስተማሪ «አንተነህ» ማለት ቢያቅታት፣ እጇን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወናጭፋ «ናታን» ብላ ገላገለችው። ማንም አልጠየቀኝም። ዣንጥላዋ ግን የኔ ነበረች።

አያቴ ቄስ ታሪኩ ከወገራ ወደዚህ ወደ ቅድስቲቱ አገር ሲነሱ ከብቱን ጣሉ፣ ቤቱን ጣሉ፣ እርሻውን ጣሉ፤ እሷን ግን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ይዘው ወጡ። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኑ ሥር የቆመው ሰው «ዕቃ አይፈቀድም» ቢላቸው፣ «ዕቃ ያልካት እሷን ነው?» ብለው አፍጥጠውበት አለፉ ይባላል። ቀይ ከፋይ ነበረች። ዙሪያዋን ወርቅማ ዘርፍ ይዞራታል። የእንጨት እጀታዋ እጃቸው ስለተመላለሰበት እንደ ቅቤ ቅል ለስልሶ ነበር።

በሲግድ፣ በእኛ በአይሁዶቹ የጾምና የጸሎት በዓል ቀን፣ የድሮው ከተማ ቁልቁል በሚታይበት ዳገት ላይ፣ ቄሶቹ በየዣንጥላቸው ሥር ሆነው ሲጸልዩ እኔ ከአያቴ ጋር ነበርኩ። ከላይ የሳቸው እጅ፣ ከታች የኔ። ንፋሱ ሲመጣ ሁለታችንንም ወደ ላይ ይጎትተናል። ያን ጊዜ አያቴ ግዕዙን ሳያቋርጡ ጎንበስ ይሉና፣ «ጠበቅ አርጋት! ነገ ብቻህን ነው የምትይዛት» ይሉኛል።

ነገ መጣ። እሳቸው ሄዱ።

እሳቸው ካለፉ በኋላ ዣንጥላዋ ቂርያት መናሔም በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ በአንሶላ ተጠቅልላ ቆመች። የዚህ አገር ብርድና እርጥበት ደግሞ ለምንም አይራራም። ከፋዩን ብል በላው። ሽቦዋ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዘርፏ ተበጣጥሶ እንደ ሽማግሌ ጥርስ እዚህም እዚያም ቀረ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እከፍታትና ሥሯ እቀመጣለሁ። በከፈትኳት ቁጥር ቀይ ብናኝ ጠጉሬ ላይ ይዘንባል። አባቴ አይቶኝ ያልፋል።

«እሷ እኮ አልቆላታል» ይለኛል አንዳንዴ።

«ትሰፋለች!»

«ምኗ ይሰፋል? መርፌ የሚይዝ ጨርቅ አላት?»

አባቴ ውበቱ ወገራ ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ እዚህ መጥቶ መንገድ ጠራጊ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱን ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ ሲወጣ ደመቀ ያፍር ነበር። እኔ አላፈርኩም፤ ያን ጊዜ ገና እወደው ነበር።

በዚያ ክረምት እናቴ እናና ወፍራ ነበር። ያየሁት ይህን ብቻ ነው፤ ወፍራለች። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይወራም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የለችም። ደመቀ፣ «ሆዷን አሟት ሆስፒታል ሄደች» አለኝ፤ ዓይኔን ሳያይ። በማግስቱ አባቴ ፂሙን ሳይላጭ መጣ። ወጥ ቤት ገብተው ከደመቀ ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ በረንዳው ላይ ዣንጥላዬ ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

«እርቃኗን አትስጧቸው አለች» ይላል አባቴ።

«ታዲያ በምን?»

«አባቴ በነካው ነገር ነዋ። ሌላ ምን አለን?»

ደመቀ፣ «አንተነህስ?» አለ።

«ይለምደዋል።»

ይለምደዋል! ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። የቀረው አልገባኝም። የገባኝ፣ ለሆኑ ሰዎች የሆነ ነገር ሊሰጥ መሆኑና የሚሰጠውም የኔ መሆኑ ነው። አባቴ ወደ በረንዳው ወጥቶ ዣንጥላዋን ሲያነሳ እጀታዋን በሁለት እጄ ያዝኩ። ቢጎትት አልለቅም፤ ቢቆጣ አልለቅም። ሲደክመው ዣንጥላዋንም እኔንም ይዞ ወጣ።

ዝናብ ነበር። በአውቶቡስ ወደ መሐል ከተማ ሄድን፤ ከዚያ በእግር ሽቅብ። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ የሆነ ጠባብ መንገድ ገባን። አባቴ በየቀኑ የሚጠርገው መንገድ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከአንድ በር በላይ አንበሳ ተቀርጿል። ከግንቡ ወዲያ ክብ ጣራ ይታያል፤ አናቱ ላይ መስቀል አለ።

አያቴ ስንት ጊዜ ነግረውኛል! በአገራችን የእኛ ሰው ከክርስቲያን ቤት አይበላም፣ አይጠጣም። ገበያ ውሎ የነካካውም ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ነው ቤቱ የሚገባ። የእነሱን እርድ ሥጋ የበላ ደግሞ በቃ፣ እነሱን ሆነ፣ ከእኛ ወጣ። አሁን የቄስ ታሪኩ ልጅ በነሱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሟል።

«እዚህ ጠብቀኝ። እንዳትገባ» አለኝ። «እሷን ልቀቃት።»

«አለቅም።»

«አንተነህ፣ ልቀቃት።»

ጎንበስ ብሎ ጣቶቼን አንድ ባንድ ፈለቀቃቸው። ይዟት ወደ ግቢው ገባ።

በሩ ገርበብ እንዳለ ነበርና አየሁ። ነጠላ የለበሰች፣ አንገቷ ላይ መቀስ በክር ያንጠለጠለች ሴት ወጣች። አባቴ አንድ ነገር ነገራት። በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ሳቀችብን አልኩ በልቤ። ዣንጥላዋን ከፈተቻት። ብናኙ እርጥብ ድንጋይ ላይ ረገፈ። አገላበጠቻት፣ ዳበሰቻት፣ ከዚያ መቀሱን አነሳች። ከፋዩ ሲቀደድ በሩ ድረስ ይሰማል። ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ የስፌት መኪና ድምፅ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ሲሄድ ቆየ። አባቴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ ጠበቀ። «ግባ» ማንም አላለውም።

ሴትዮዋ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። እጁ ላይ አልሰጠችውም። የድንጋይ ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ራቅ አለች። አባቴ፣ ያ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብሎ አነሳ። ለውሻ እንደሚጣል አጥንት ነው ያስመሰለችው። እሱም ጭራሽ አንገቱን ሰብሮ አመሰገናት!

ጥቅሉ ትንሽ ነው፤ ለስላሳ ነው። ኮቱ ውስጥ አስገብቶ በሁለት መዳፉ ደግፎ ያዘው። እኔም ወዲያው ገባኝ፦ ሥጋ ነው። በአያቴ ዣንጥላ የክርስቲያን ሥጋ ለወጠ።

አውቶቡስ ላይ ጠየቅሁት፤ «ምንድን ነው እሱ?»

«የእናትህ ነው።»

ሰፈራችን ስንደርስ ደመቀ ፌርማታው ላይ ቆሟል። «አንተ ውረድ» አለኝ አባቴ። እሱ አልወረደም። አውቶቡሱ ወደ ሆስፒታሉ ይዞት ሄደ። በመስኮቱ ሳየው አሁንም ኮቱን በሁለት እጁ አቅፎ ነበር።

እናቴ ስትመለስ ከስታ ነበር። ደረቷን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አስራለች፤ በርዷት ነው ብዬ ነበር። ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ልጄ ሆዲያ ጡት ስትጥል፣ ሚስቴ ወተቱ እንዲደርቅ እንዲሁ አድርጋ ደረቷን ስታስር አየሁ። ያን ጊዜም ቢሆን አልጠረጠርኩም። ሰው ሊያስብ ያልፈለገውን ነገር ፊቱ ቢያስቀምጡለት አያይም።

አባቴ ለእናቴ የሥጋ መረቅ ሠራላት። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። ለእኔም ሰሃን ሲያቀርብልኝ ገፋሁት።

«አልበላም!»

«ምን ሆነሃል?»

«የክርስቲያን ሥጋ አልበላም! በአያቴ ዣንጥላ የለወጥከውን!»

ደመቀ ማንኪያውን አስቀመጠ። አባቴ ወደ መኝታ ቤቱ በር አየ፤ በሩ ክፍት ነበር፣ እናቴ ተኝታለች።

«እሺ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «አትብላ።»

አልካደም። አልማለም። አንድ ልጅ ደግሞ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋል?

ከዚያ ወዲህ ከእጁ አልቀበልም። የሰንበት ዳቦ ባርኮ ቆርሶ ሲዘረጋልኝ እጄን እሰበስባለሁ። የመጀመሪያው ሰንበት ላይ እጁ አየር ላይ ቀረ። በሚቀጥለው ግን የኔን ቁራሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አራቀ። እሱ ሲያርቅ አነሳሁ። እንዲህ ተለማመድን። አደግሁ፣ ወታደር ሆንኩ፣ አገባሁ፣ የገበያ አዳራሽ ጥበቃ ሆንኩ፤ በየበዓሉ ስሄድ ዳቦዬን ፊቴ ያስቀምጥና እጁን ይሰበስባል። «ለአንተነህ ስጠው» ቢሉት፣ «እሱ ከጠረጴዛ ነው የሚወድ» ይላል። ይስቃሉ። እኔ ንቀት ነው እል ነበር። ለደመቀ በእጁ፣ ለእኔ በጠረጴዛ።

አባቴ ዘንድሮ ሞተ።

ሰባቱን ቀን ልቅሶ ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ወጣ። ደመቀ በትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ የሱ እንግዶች ወንበር፣ የኔ እንግዶች የአጥር ግንብ ደረሳቸው። ሰባተኛው ቀን ሲያልቅ የአባታችንን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ምን ዕቃ አለው? ሰዓት፣ ራዲዮ፣ ሁለት ኮት።

«ሰዓቱን አንተ ውሰድ» አለኝ ደመቀ፣ ጌታ ለሎሌው እንደሚሰጥ።

«ዣንጥላዬን ነው የምፈልገው።»

«አሁንም?» ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠጉርህ ሸብቶ እኮ ነው! ሞግዚት እናምጣልህ?»

«አያቴ ለኔ ነው የሰጡኝ። እናንተ ለነዚያ ሰጣችሁብኝ።»

ደመቀ አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ክንዱን ያዘችው። እናቴ አርጅታለች፤ ስትናገር ግን ሰው ዝም ይላል።

«ይሂድ» አለችው። ወደ እኔ ዞረች። «ሂድና ፍሬሕይወትን ጠይቃት። በሕይወት ካለች።»

የሴትዮዋን ስም ያን ጊዜ ሰማሁ።

መንገዱ እንደነበረ ነው። ግንቡም፣ አንበሳውም። የተለወጠው ነገር ቢኖር እዚህም እዚያም ካሜራ የያዘ ቱሪስት መሞላቱ ነው። የአባቴ መጥረጊያ ሲያልፍበት የኖረውን ድንጋይ እየረገጥኩ፣ የምናገረውን በሆዴ እየደረደርኩ ገባሁ። ከግቢው ጥግ፣ ትንሽ ክፍል በር ላይ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልብስ ይጠግናሉ። መቀሱ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ማነህ አንተ?» አሉኝ፣ በጎንደርኛቸው።

«የውበቱ ልጅ ነኝ። መንገድ ጠራጊ የነበረው።»

መርፌውን ልብሱ ላይ ሰኩት። «የትኛው ልጁ? በር ላይ የቆመው?»

«አዎ።»

«ደህና ነው እሱ?»

«አረፈ።»

«ውይ! ውይ ውቤ!» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ልክ እንደዚያን ቀን። ያን ጊዜ ቅርብ ሆኜ አላየሁም ነበር፤ ይህ መሳቅ አይደለም። እንባቸው በነጠላው ላይ ወረደ። «አላለቅስለትም ወይ? ጡረታ እስኪወጣ በዚህ ሲያልፍ ‹እንዴት ዋልሽ የአገሬ ልጅ› ሳይለኝ አልፎ አያውቅም። የእናቱ የእጅ ሥራ ማሰሮ ነው እኮ እኛን ያሳደገን፤ የእናንተ ሰዎች ሸክላ ያልገዛ የወገራ ቤት የት አለ? ተቀመጥ ልጄ።»

አልተቀመጥኩም። «ዣንጥላዬን ልወስድ ነው የመጣሁ።»

«የቷን?»

«የአያቴን። የቄስ ታሪኩን።»

«ሽቦዋን ነው? ዝጋ እኮ ነው ያለቀች! ያኔውኑ ነው የጣልኳት።»

«ከፋዩስ? የትኛው ቄሳችሁ ራስ ላይ ነው ያለው?»

ቀና ብለው አዩኝ። ንዴቴ እንዳልገባቸው ገባኝ። ከዚያ ደግሞ እየገባቸው ሲሄድ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«አልነገሩህም» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

እሳቸው ነገሩኝ። እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ።

«ያን ቀን መጣና ‹ልጅ ሞታ ተወለደችብን› አለኝ። ‹ቀባሪዎቹ ዛሬ ይወስዷታል። ልቅሶ አይቀመጡላትም አሉን። መቃብሯንም አያሳዩንም። ስምም አላወጣንላት። እናቷ እርቃኗን አትስጧቸው ብላ ታለቅሳለች። ከሰፈራችን ሰው ማንም እንዲያውቅ አትፈልግም። አባቴ የነካውን ጨርቅ አምጥቻለሁ፤ ስፊልኝ።› ብከፍታት ልጄ፣ ዣንጥላዋ የሸረሪት ድር ሆናለች። መርፌ ስሰድ ይፈርሳል። አገላብጬ አገላብጬ ከውስጥ በኩል ስትታጠፍ የምትሸሸግ፣ ፀሐይም ዝናብም ያላያት አንዲት ክንፍ አገኘሁ። መርፌ የያዘች እሷ ብቻ ናት። ለሕፃን ቀሚስ የምትበቃ። ከዘርፏም ደህናዋን አንገቷ ላይ አደረግሁላት። ነጋዴ እንዳይመስልህ፤ እንባዬን እየጠረግሁ ነው የሰፋሁት።»

የስፌት መኪናው ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ሲሄድ ታወሰኝ።

ሌላ የምይዘው ነገር ባጣ፣ የቀረችኝን ያዝኩ። «ታዲያ ለምን መሬት ላይ ጣሉለት?»

«ምኑን?»

«ጥቅሉን። ደረጃ ላይ ጣሉለት። ጎንበስ ብሎ አነሳ። በር ላይ ሆኜ አይቻለሁ!»

«ኧረ እኔን ይድፋኝ!» ደረታቸውን መቱ። «እናንተ ከኛ እጅ አትቀበሉማ! አያቶችህ እኮ ገበያ ላይ ሳንቲሙን እንኳ ውሃ ውስጥ አስጥለው ነበር የሚቀበሉን። እኛ ልጆች ሆነን እንስቅባቸው ነበር። ያን ቀን ግን፣ እሱ ይሉኝታ ይዞት ሳይናገር፣ እኔው አስቀመጥኩለት። ‹የቄስ ልጅ ልጅ ናት፣ ንጹሕ ሆኖ ይድረስላት› ብዬ ነው። ገብቶት ነው ያመሰገነኝ።»

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። በርጩማ አልፈለግሁም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሰንበቱ ዳቦ መጣብኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቁራሽና የሚርቀው እጁ። ስንት ሰንበት ነው? ከሱ እጅ መቀበል የማልችል ንጹሕ እኔ ነበርኩ፤ እሱም እንደ ንጹሕ አስቀመጠልኝ። አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? ይህን አሁንም እጠይቃለሁ። ደመቀ ያውቅ ነበር፤ ለኔ «ይለምደዋል» ተባለልኝ። በዚህስ አልተሳሳትኩም።

«እጀታዋ ግን አለች» አሉኝ ወይዘሮ ፍሬሕይወት።

«ምን?»

«እንጨቷ። ጥሩ እንጨት ናት፣ አልጣልኳትም።» ወደ ክፍሉ ውስጥ አመለከቱኝ። ከግድግዳው ጥግ ቆማለች፤ ጫፏ ላይ የሽቦ ቆልማማ ታስሮባታል። መስኮቱ ከፍ ያለ ነውና በሷ ነው ስበው የሚከፍቱት። «የናንተ ናት፣ ውሰዳት። እኔ እንግዲህ ለመስኮቱ አንድ ረጅም መነኩሴ እፈልጋለሁ።»

ገብቼ አነሳኋት። ከላይ በኩል የአያቴ እጅ ያለሰለሰው አሁንም ለስላሳ ነው። ዝቅ ብዬ የኔን ቦታ ያዝኩ። ቦታው ለእጄ አልበቃም፤ እጄ ትልቅ ሆኗል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ይዤያት ብወጣ ማንም አይከለክለኝም። ቤቴ ወስጄ የት አቆማታለሁ? ሆዲያ «ይህ ዱላ ምንድን ነው?» ስትለኝ ምን እላታለሁ? ሽቅብ ዘርግቼ መስኮቱን ሳብኩት። ተከፈተ። ከግቢው ንፋስ ገባ። መልሼ ጥጓ ላይ አቆምኳት።

«ጠንካራ ናት» አልኳቸው።

«ካንተና ከኔ በላይ ትቆያለች።»

ውሃ በብርጭቆ አመጡልኝ። ልማድ ነውና በርጩማው ላይ ሊያስቀምጡት ዞሩ።

«ከእጅዎ ይስጡኝ» አልኩ።

ሰጡኝ። ጠጣሁት።

ቤት ስደርስ እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች፣ ዣንጥላዋ ትቆምበት በነበረው ጎን።

«አመጣሃት?»

«የለችም።»

«ምንም?»

«እንጨቷ አለች። መስኮት ይከፍቱባታል።»

ትንሽ ፈገግ አለች። «እንኳን። አባትህ ይወደው ነበር ይህን ቢሰማ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ታች መንገዱ ላይ አውቶቡሱ ወደ ሆስፒታሉ በኩል አለፈ። ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፤ ደግሞ ከፈትኩ።

«እማ፣ ምን ታክል ነበረች?»

ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። አኮረፈች ብዬ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ከጉልበቷ ላይ አነሳችና ሁለት እጆቿን ፊት ለፊቷ አቆመች። አቀራረበቻቸው፣ አራራቀቻቸው፣ እንደገና ትንሽ አቀራረበቻቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይቺን» አለች።

በእጆቿ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ አየሁት። እሷም አየችው። እጆቿ እንደዚያው አየር ላይ ቆዩ፣ አልወረዱም። «አውርጂያቸው» አላልኳትም።